የዲያቆኑ ልቦለድ

አገሬው እያለቀሰ የሚዘምረውን ያን መዝሙር ያስደረሰው ውሻ ነው። አዎ፣ ውሻ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ገና የቆሎ ተማሪ ነበር። ከጉና ሥር ካለው የቅኔ ቤት ወደ ገሳይ ሲወርድ ዝናብ ያዘው፤ አንድ ደህና የቆርቆሮ ቤት አየና ደጁ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። የቤቱ ጌታ ወጣ፣ ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ተመልሶ ገባና ውሻውን ፈታበት። ባቱን ነከሰው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠልሎ ቁስሉን በጨርቅ እያሰረ መዝሙሩን ደረሰው፦ ደጅ ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ መንገደኛ፣ በር የምትከፍትለት እናት፣ እንዲህ እያለ የሚሄድ።

ዛሬ ያ መዝሙር ሲጀመር የማያለቅስ የለም። ደረት ይመታል፣ ነጠላ ይረጥባል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄድና ተማሪ ደጁ ላይ ሲቆም «እግዜር ይስጥህ፣ እለፍ» ይላል። መንገደኛው እነሱ ናቸው እኮ፣ ሲዘምሩት! በር ዘጊው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔ ይሄን እያየሁ ነው ያረጀሁት።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ምላሷ ክፉ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ለሱ የተዳርሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በኛ አገር ዲያቆን ቅስና ሲያስብ መጀመሪያ ሚስት ይፈለግለታል። ጳጳሱ ፊት ከመቅረቡ በፊት በቁርባን ማግባት አለበት፤ ልጅቱም ድንግል መሆን አለባት። ስለዚህ ዘመድ ይቸኩላል። የቸኮለ ዘመድ ደግሞ ሩቅ አይሄድም፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይመርጣል። ከኛ ክፍል አንዷ ጥር ላይ ቀረች፤ ሌላዋ ለየካቲት አልደረሰችም። አስተማሪያችን ስም ጠርቶ «አቤት» የሚል ሲያጣ «ይቺም ቄስ ልታደርግ ሄደች?» እያለ ይስቅ ነበር። ይስቅ ነበር! እኛም አብረነው እንስቅ ነበር፣ ተራችን እስኪደርስ።

የኔ ተራ ሲደርስ አባቴ «የተማረ ዲያቆን ነው፣ ደስ ይበልሽ» አለኝ። የሱ መማር ሲወራ የኔ መማር ምን እንደሚሆን የጠየቀ የለም። ሠርጉ ተበላ፣ ተጨፈረ፤ እኔ ጥግ ይዤ አልበላም አልጠጣም አልሁ። ሴቶቹ ቆነጠጡኝ፣ አባበሉኝ፣ ሰደቡኝ። በመጨረሻ ያ ዲያቆን ራሱ መጣና ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ምንሽን አመመሽ?» አለኝ።

«ሰኔ ላይ ፈተና አለኝ» አልሁት። ሌላ የማውቀው በሽታ አልነበረኝም።

ከዚያ ተነሥቶ አባቴ ዘንድ ሄደና «ትምህርቷን እስክትጨርስ ከናንተው ጋር ትቆይ» አለ። አባቴ ልጁ አብዷል ብሎ ጠበል ሊወስደው ምንም አልቀረው። የሙሽራው ዘመዶች እንዳኮረፉ ሄዱ። እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። እኔ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ ነው አንድ ቤት የገባነው። ቅስናውን ተወው። «እሷ ናት የከለከለችው» አሉ። ኧረ እኔስ ምንም አልከለከልሁትም። ለምን ተውኸው ስለው «የተቸኮለለት ነገር አስጠላኝ» አለኝ። ዲያቆን እንደሆነ ኖረ፤ እዚሁ ደብረ ታቦር ከአንዱ ደብር የቅኔ መምህር ሆነ፤ ደቀ መዛሙርቱ የኔታ ይሉታል። እኔም ስናደድበት የኔታ እለዋለሁ።

ልቦለድ ልጽፍ ነው ያለኝ አንድ ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ እኔም ቤት በዋልሁበት ጊዜ ነው። ሣቄ መጣ። ይህ ሰው ደብዳቤ እንኳ ጽፎ አያውቅም። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ብዕር የሚወድ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ በልብ ይቆጠራል፣ አንድ ጊዜ ይቀርባል፣ ያበቃል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማለት ነውር ነው፣ የገዛ ራስህ ቢሆንም። ሊቃውንቱ እንዲህ ነው የሚኖሩት። በየእሑዱ ያን ያህል የደከሙበትን ነገር ለነፋስ ይሰጡታል።

እሱም ልቦለዱን እንደዚያው ያዘው። ጋቢውን ለብሶ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ እጽፋለሁ። ቃላቱ ሲመጡለት አያቆምም፣ እጄ እስኪደነዝዝ ያስጽፈኛል። ሲያበቃ «ያልኸውን ላንብብልህ» እለዋለሁ።

«ተብሏል፣ ይለፍ።»

«አይ፣ የሚታረም አለበት።»

«የሚታረም ካለበት ሌላ ልበል» ይልና የሠርጉን ነገር ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። በፊት ሙሽራይቱ አልቅሳ ነበር፣ አሁን ዝም ትላለች። በፊት በበቅሎ የሄደች፣ አሁን በእግሯ ትሄዳለች።

«የኔታ፣ የልጅቱን በቅሎ ጅብ በላው?» እለዋለሁ።

«እሱ ተብሏል» ይለኛል፣ ያውም ተቆጥቶ!

አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር። በኋላ ገባኝና መጨቃጨቁን ተውሁት። ከሚለው ሁሉ የሚቀረውንና የሚጣለውን እኔ እመርጥ ጀመር። ማንም አይነግራችሁምና እኔ ልንገራችሁ፣ ያን ሁሉ ንግግር መጽሐፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልጅቱም እኔ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የኔ ወንበር ነው፤ ስም ሲጠራ የሳቀው አስተማሪ የኔ አስተማሪ ነው። ዲያቆኑ ብቻ እሱ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ዲያቆን ልጅቱን ከትምህርቷ ያስወጣታል፣ ይካናል፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ አያያትም። እሷ በመጨረሻ ትታው ትሄድና የሌሎችን ልጆች ማንበብ ታስተምራለች።

«ራስህን አውሬ አደረግኸው እኮ» አልሁት።

«ያላደረግሁት እኔ ነኝ እንጂ ሌላው አድርጓል። ለራሴ ብዬ ልዋሽ?» አለኝ።

ባሕር ዳር ታተመ። ሽፋኑ ላይ ስሙን በትልቁ አስጻፈ፤ እሱ ራሱ አንድ ጉድ ነበር። መዝሙር የሚደርስ ሰው ስሙን አይጽፍም፣ ውዳሴ ከንቱ ነው ይባላል። መዝሙሩ የሱ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የትም ቦታ ግን አልተጻፈም። «ለመዝሙሩ ያልጻፍኸውን ስም ለዚህ ምን አስጻፈህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያመሰገነ ሰው ቢደበቅ ምንም አይደል። የነቀፈ ግን ስሙን ይጻፍ» አለ። ይሄን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

መጀመሪያ ሰሞን መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። ለምን መሰላችሁ? መዝሙሩን የደረሰው ሰው ጻፈው ሲባል የጸሎት መጽሐፍ መሰላቸው! ሱቅ ውስጥ ከጧፍና ከመቁጠሪያ ጎን ተደረደረ። እየተሳለሙ ገዙት። ጎረቤቴ ትኩሳት የያዘውን የልጅ ልጇን ግንባር በልቦለዱ ስታሻሽ ደርሻለሁ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ተረት ነው» ብላት ክፉኛ አየችኝ። ልጁ ደግሞ ዳነ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! ከገዙት ውስጥ ከፍቶ ያነበበው በጣት የሚቆጠር ነው። ባያነቡት ኖሮ እስከ ዛሬ ከትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኙበት ነበር።

ነገሩን ያመጣችው የደብሩ አስተዳዳሪ ሚስት ናት። አስተዳዳሪው ትልቅ ቄስ ናቸው፤ ድምፃቸው መረዋ፣ ጥምጥማቸው የበረዶ ክምር። ሚስታቸው ማንበብ አትችልም። አንድ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ እቤቴ መጣችና «እስቲ አንብቢልኝ፣ በረከቱ ይድረሰኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። አንድ ቀን አልበቃንም፤ እየተመላለሰች ሰማችው። ሲያልቅ መጽሐፉን መልሳ በነጠላዋ ጠቀለለች።

«የኔን ለባልሽ ማን ነገረው?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም፤ ሄደች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባሏ ከቅዳሴ ሲገቡ እግራቸውን ማጠብ ተወች። ውኃውን ታቀርባለች፣ ቁጭ ታደርገዋለች፣ ትሄዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተሳደበች፣ አልጮኸች። ይሄን የሰማሁት ከሳቸው ከራሳቸው ነው፤ «ቤቴን አፈረሳችሁት!» እያሉ ደጃችን ላይ ሲጮሁ። እግራቸውን በገዛ እጃቸው ማጠብ አቅቷቸው ቤቴ ፈረሰ ይላሉ!

ከዚያ ነገሩ የሃይማኖት ሆነ። ቅስናን ተሳደበ፣ ምሥጢረ ተክሊልን አቃለለ፣ ሌላም ሌላም። ያላነበቡት ሁሉ አንባቢ ሆኑ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው ባለቤቴን ጠርተው ቁርጡን ነገሩት። ኅዳር ላይ፣ በንግሡ ዕለት፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ መጽሐፉን መካድ አለበት፤ ስሕተት ነው፣ ሐሰት ነው፣ ከኔ አይደለም ማለት አለበት። እምቢ ካለ ከመምህርነቱ ይነሣል፣ መዝሙሩም ከዚያ ደብር ይቀራል።

እሱ ምን አለ? «ላስብበት» አለ። ላስብበት! ይሄን ሲነግረኝ የያዝሁት ጭልፋ ከእጄ ወደቀ።

«ምኑን ነው የምታስበው?»

«አንቺ ሴት፣ ትንሽ ተይኝ።»

አልተውሁትም። ስሙኝ፣ እኔ ስለ ወረቀት አይደለም የምጣላው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ እኔ ነኝ። በሕዝብ ፊት ቆሞ ሐሰት ነው ካለ ሐሰት የሆንሁት እኔ ነኝ። እነዚያ ስማቸው ተጠርቶ መልስ ያልሰጡት ልጆች ሁሉ ሐሰት ናቸው። ቁርጥ አድርጌ ነገርሁት፦ «ከካድኸው የካድኸው እኔን ነው። ያን ዕለት ወንድሜ ቤት ገሳይ እሄዳለሁ፤ ተመለሺ ብለህ ሽማግሌ እንዳትልክ።» ልብሴን በሻንጣ ከተትሁ። አይቶኛል።

እስከ ንግሡ ድረስ በአንድ ቤት እንደ ባዕድ ኖርን። እሱ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ያዛጋል። እኔ ስንቀው ዋልሁ፣ ስንቀው አደርሁ። ጋቢውን ሲያጣፋ እንኳ ያስጠላኝ ነበር። የተማረ ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው እል ነበር በልቤ፤ ሺህ ቃል ይሰበስብና አንዲቷ የምትፈለግበት ቀን ይጠፋበታል። ደቀ መዛሙርቱም መጡ። «የኔታ፣ ይበሉትና ይለፍ፤ በልብዎ ግን አይበሉት» ብለው መከሩት። ምን ያለ ምክር ነው? አበላሉን የሚያውቁበት የደብር ሰዎች! ሻይ እንኳ ሳላቀርብላቸው ሄዱ።

የንግሡ ዕለት ውርጭ ነበር። ታቦቱ ዑደቱን አድርጎ ቆመ፣ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱን ከበበ። እኔ በሴቶቹ በኩል ከፊት ቆምሁ፤ ዓይኔን እያየ እንዲክደኝ ብዬ ነው። አስተዳዳሪው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፣ ስለ ንስሐ ተናገሩ፣ ትንሽም አለቀሱ። ሲያበቁ ወደ ባለቤቴ ዞሩና እንዲህ አሉ፦ «ያን የመሰለ መዝሙር የደረሰ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይጽፍም። ሁለቱ ከአንድ ልብ አይወጡም። እንግዲህ የኔታ፣ የቱ የአንቱ እንደሆነ ለሕዝቡ ይንገሩ።» ድምፅ ማጉያውን ሰጡት።

ባለቤቴ ድምፅ ማጉያ ይዞ አያውቅም። እንደ ጧፍ አቆመው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጩኸቱ አገሩን ሞላው።

«አባታችን እውነት ብለዋል» አለ። «ሁለቱ ከአንድ ልብ አይወጡም።»

ገሳይ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ እያሰብሁ ነበር፣ እመኑኝ።

«መጽሐፉ የኔ ነው» አለ። «ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ልጅቱንም አውቃታለሁ። መዝሙሩ ግን የኔ አይደለም። እኔ አልደረስሁትም። ስለዚህ በኔ ምክንያት አትተውት፣ ዘምሩት።»

ድምፅ ማጉያውን መልሶ ለአስተዳዳሪው ሰጠና ወረደ።

ከኋላ የቆሙ ሴቶች፣ ነገሩ ያልገባቸው፣ ንግግር አለቀ ብለው እልል አሉ። አስተዳዳሪው ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሊከለክሉት የነበረው መዝሙር ከእጃቸው ወጣ፤ ሊያስክዱት የነበረው መጽሐፍ በገዛ ማጉያቸው ታወጀ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላው ከኋላው እየተከተልሁ አላምን አልሁ። ባጃጅ አልያዝንም። በመጨረሻ «ታዲያ መዝሙሩን ማን ደረሰው?» አልሁት።

«ያ ውሻ የፈታብኝ ሰውዬ» አለና ሳቀ።

«ምነው ለኔ ቀድመህ ብትነግረኝ? ያን ሁሉ ቀን!»

«ብነግርሽ ታርሚው ነበር» አለኝ።

መንገድ ላይ አለቀስሁ። ሰው እያየኝ። ንቄው ስለነበረ ሳይሆን፣ የሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ያ ሰው ከመዝሙሩ ሌላ የሚወደው ነገር አልነበረውም። መጽሐፉን ይወደው እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ጮክ ብሎ «የኔ» ያለው እሱን ነው፣ እኔ በውስጡ ስላለሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አገሬውን ግን ታውቁታላችሁ። ከመምህርነቱ ተነሣ፣ እሱ የሚጠበቅ ነበር። ያልጠበቅሁት ሌላው ነው፤ አመኑት! ያ ሁሉ ሰው፣ ከአፉ ሲወጣ የሰማውም፣ ሲያስተምረው ያደገውም፣ «ለካ የሱ አይደለም» አለ። ሳምንት ሳይሞላ «ሰርቆ ነበር» ሆነ። ገበያ ላይ ስሄድ ሰዎች ይጠቋቆማሉ፦ መዝሙር የሰረቀው ሰውዬ ሚስት። ሰው ስለ ራሱ መጥፎ ሲናገር እንዲህ በቀላሉ የሚታመን መሆኑን አላውቅም ነበር። ደግ ቢናገር ምስክር አምጣ ይሉት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የአዲስ አበባ ዘማሪ መዝሙሩን በስልክ አወጣው። የተከረከመ ጢም፣ ነጭ ልብስ፣ ከኋላው ጢስ። ግጥምና ዜማ ብሎ የገዛ ስሙን ጽፎበታል። ስልኩን ወስጄ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው ሰማውና «ሁለተኛውን ቤት አበላሽቶታል» አለ፣ ሌላ የለም። እኔ ዘማሪው ያለበትን ፈልጌ ሄጄ ፊቱ ላይ ልተፋበት ነበር። «በሕዝብ ፊት የኔ አይደለም ብያለሁ» አለኝ። «አሁን የኔ ነው ብል መጽሐፉንም ሐሰት ይሉታል። የአንድ ቀን ንግግር ነው፤ ግማሹ ውሸት ከሆነ ግማሹን ማን ያምነዋል? አንቺም እንዳትናገሪ።» መሐላ አስገባኝ። ማልሁ፤ ዛሬ ለናንተ ማውጣቴን እግዜር ይፍታኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ደጃችን የሚመጡትን ተማሪዎች በረንዳ ላይ እያስቀመጠ ቅኔ ያስተምር ነበር። ሌላ ልቦለድ አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም። ባለፈው ክረምት ሞተ፤ ሳል ጀመረው፣ ከአልጋ አልተነሣም።

የተቀበረው እዚያው ደብር ነው። አስተዳዳሪው አርጅተዋል፤ ሌላ ሰው ደግፏቸው ፍትሐቱ ላይ ቆመዋል። የሕይወት ታሪኩን አንዱ አነበበው፦ ተወለደ፣ ተማረ፣ አስተማረ፣ ዐረፈ። መጽሐፍ የለ፣ መዝሙር የለ። እኔ ምላሴን ነክሼ ቆምሁ። ከዚያ ሳጥኑ ሊወርድ ሲል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከበቡትና ያንኑ መዝሙር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ለቀብር የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው።

አጠገቤ አንዲት የገጠር ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። የሟች ምን እንደሆንሁ አታውቅም። ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ሆድ ይበላል» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «የኔ እመቤት፣ ማን ይሆን የደረሰው?»

ማንም ያላመለጠው ምላስ አለኝ፤ ደብሩም፣ ከተማውም፣ እሱም ያውቀዋል። ጉድጓዱን አየሁ።

«አይታወቅም» አልኋት።

«ማንም ይሁን፣ የደረሰውን ነፍሱን ይማረው» አለች።

«አሜን» አልሁ።